የወታደር ጋብቻና የትዳር ታማኝነት በኢትዮጵያ

የወታደር ጋብቻ ከባልና ሚስት አንዱ ወይም ሁለቱም የጦር ሠራዊት አባል የሆኑበት ትዳር ነው። ዘመቻና ግዳጅ ባለትዳሮችን ለረጅም ጊዜ ስለሚያራርቁ በዚህ ትዳር የታማኝነት ጥያቄ ጎልቶ ይነሣል። በኢትዮጵያ ለጥያቄው የተሰጠው መልስ ከሠራዊቱ አደረጃጀትና ከጋብቻ ሕጉ ጋር ሲለዋወጥ ኖሯል።

በቀድሞው ሠራዊት

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ሠራዊቱ የተደራጀ የስንቅ ክፍል አልነበረውም። ብዙ ሴቶች አብረው እየዘመቱ እህል ይፈጩ፣ እንጀራ ይጋግሩ፣ ውኃ ይቀዱ፣ ቁስለኛም ያስታምሙ ነበር። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ዘመቻ እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘምተዋል። ዳግማዊ ምኒልክ የከተሙበት እንጦጦም በአመዛኙ የጦር ሰፈር ነበር፤ የአዲስ አበባ መንደሮች ዛሬም «ሰፈር» መባላቸው ይህንኑ ታሪክ ያስታውሳል። ስለዚህ ዘመቻ ሁልጊዜ ከሚስት መለየት ማለት አልነበረም።

ሚስቱን ቤት ትቶ ለሚሄድ ግን ልማዱ ሌላ መንገድ ነበረው። ከቁርባንና ከሰማንያ ጋብቻ ሌላ «ደመወዝ» የሚባል፣ ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ የሚፈጸም የጋብቻ ውል ነበር። ይህን ውል በተለይ ወታደሮችና ነጋዴዎች ይጠቀሙበት ነበር። ለወንዱ ከቤቱ ውጭ ሌላ ሴት መያዝን በልማድ ሕጋዊ መልክ ሲሰጠው፣ በቤት ለቀረችው ሚስት ተመሳሳይ ፈቃድ አልነበረም።

በዘመናዊው ሠራዊት

ቋሚ ሠራዊት ሲደራጅ ወታደሩ በጦር ሰፈር፣ ቤተሰቡ በሌላ ቦታ መኖር ተለመደ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የተላከው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ሚስቶቻቸውን አስከትለው አልሄዱም። በኋላ በሰሜን የተካሄዱት ረጅም ጦርነቶች መለያየቱን ከወራት ወደ ዓመታት አራዘሙት።

ሕጉ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝሙትን ከከባድ የፍቺ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ነበር። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ታማኝነትን የሁለቱም ተጋቢዎች ግዴታ ያደርጋል፤ ለፍቺ ግን ጥፋት ማስረዳትን አይጠይቅም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 መሠረት አመንዝራነት የሚያስቀጣው የተበደለው ተጋቢ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው።

በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ይገመታል። ይህን የሚክድ ባል ከልደቱ በፊት ባሉት በ300ኛውና በ180ኛው ቀን መካከል ከሚስቱ ጋር ግንኙነት እንዳልነበረው በፍርድ ቤት ማስረዳት ይችላል። በዚያ ጊዜ በሩቅ ግንባር ለነበረ ወታደር ይህ ለማስረዳት የቀለለ ነው።

የጠፋ ወታደር ትዳር

ከሁሉ የሚከብደው ባሏ ይሙት ይኑር የማታውቅ ሚስት ጉዳይ ነው። ሌላ ብታገባ የመጀመሪያው ጋብቻ ስላልፈረሰ በላዩ ላይ ማግባት ይሆናል፤ ይህም የተከለከለ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መውጫ ይሰጣል፦ አንድ ሰው ከጠፋና ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይችላል። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ይህ ውሳኔ እንደ ሞት ሁሉ ጋብቻውን ያፈርሳል። ከዚያ በኋላ ሴቲቱ ብታገባ በሕግ ፊት ከዳተኛ አትባልም።