የዱስ ማሽላና ጠላቶቹ

በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፣ በሐመር ወረዳ፣ ዱስ የምትባል የካራ ሕዝብ መንደር አለች። ከጂንካ ከፍታ ተነሥቶ ወደዚያ የሚወርድ መንገደኛ እንሰቱንና ቡናውን ከኋላው ትቶ፣ ግራር የበዛበትን ደረቅ ቆላ አቋርጦ፣ በመጨረሻ ደለል ያደፈረሰው ውሃ ከሚፈስበት አፋፍ ይደርሳል። ካራዎች በቍጥር እጅግ አነስተኞች ከሆኑት የአገራችን ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ስለ ገላ ጌጣቸው ብዙ ተጽፎአል፤ ፎቶግራፋቸውም ዓለምን ዞሮአል። ስለ ማሽላቸው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ ማትሱዳ የተባሉት የጃፓን ሊቅ በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ ካራዎች የወንዝ ዳር እርሻ ያሳተሙት ጥናት ነው። እኛ ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ይህንኑ ማሽላ፣ ይልቁንም ባለቤቱን ቀድመው የሚበሉትን ጠላቶች ታሪክ ነው።

በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተባዮችን በተራ መደርደር ቀላል ነው። ይህ በሔክታር ይህን ያህል ያጠፋል፣ ያኛው ደግሞ ይህን ያህል፤ ከዚያ የሚበልጠውን ከላይ ማስፈር ብቻ ነው። ገበሬው ግን እንደዚህ አይቈጥርም። በማሳው ላይ የሚያየው ትል ሁሉ አያስደነግጠውም፤ ጥቂት ቅጠል የበላበትን ነፍሳት ሁሉ እንደ ጠላት አይከስም። የሚመዝነው መምጫውን ጊዜ ነው፤ ቡቃያ ሲበላበት እንደ ገና መዝራት ይችላል፣ እሸት ሲበላበት ግን ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። ደግሞም በእጁ ሊመልሰው የሚችለውንና የማይችለውን ይለያል። ስለዚህ የተባዮች ተራ በአንድ አገር ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጣል፤ በዱስ የሆነውም ይኸው ነው።

የዱስን እርሻ ለመረዳት በመጀመሪያ ወንዙን ማወቅ ያስፈልጋል። ኦሞ በደጋው ክረምት ሞልቶ በነሐሴ ዳርቻውን ያጥለቀልቅ ነበር። በመስከረምና በጥቅምት ሲጎድል የረጠበ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል፤ ካራዎችም በዚያ ላይ ማሽላ፣ በቆሎና ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ይዘሩ ነበር። አዝመራው ዝናብ ሳይጠብቅ መሬቱ በያዘው ርጥበት ብቻ ያድግና በታኅሣሥና በጥር ይሰበሰባል። ይህ ሙላት አፈርን የሚያድስ ብቻ አልነበረም። የአይጡን ጉድጓድ ሞልቶ፣ ምስጡን አስጥሞ፣ ከአሮጌው አገዳ ውስጥ ተኝቶ የሚከርመውን አገዳ ቆርቋሪ ትል ከነማደሪያው ጠርጎ ይሄድ ነበር። ተምች ደግሞ የዝናብ ልጅ ነው፤ የሚፈላው ዝናብ ሲጀምርና ለጋ ሣር ሲበቅል ስለ ሆነ፣ በበጋ የሚያድገው የወንዝ ዳር ማሽላ ከእርሱ ጋር ብዙ አይገናኝም ነበር። በሌላ አገር ገበሬውን የሚያስለቅሱት ተባዮች በዱስ ዝቅተኛ ሥፍራ የያዙት ወንዙ ስለ ተዋጋላቸው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ግን ማሽላውን ጭራሽ የማይነካ አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም የቆላ ዝንብ ነው። ይህ ዝንብ በወንዙ ዳር ባለው ጥሻ ውስጥ ይኖራል፤ ከብቱንም ገንዲ በሚባለው በሽታ ይፈጃል። ጎረቤቶቻቸው ሐመሮች በከብት ሲኖሩ ካራዎች ብዙ ከብት ማርባት ያልቻሉት ስለዚህ ነው። ከብት የሌለው ሰው ማሽላው ቢጠፋበት የሚያልበውም ሆነ ሸጦ እህል የሚገዛበት ላም የለውም። እንግዲህ የማሽላውን ጠላቶች ሁሉ አስፈሪ ያደረጋቸው፣ እህል የማይቀምሰው ይህ ዝንብ ነው። በተባይ ዝርዝር ውስጥ ስሙን የሚጽፍለት የለም፤ እኛ ግን ከታሪኩ ራስ ላይ ልናስቀምጠው እንወዳለን።

በማሳው ላይ የመጀመሪያውን ሥፍራ የያዘው ወፍ ነው። ግሪሳ ክብደቱ ወደ 20 ግራም የሚጠጋ፣ ምንቃሩ የቀላ ትንሽ ፍጥረት ነው። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን በቀን እስከ 10 ግራም እህል ይፈጃል፤ አንድ ሚሊዮን ሆኖ ሲመጣ ደግሞ (ይህም ለግሪሳ ብዙ አይደለም) በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያጠፋል ማለት ነው። በዓለም ላይ ካሉት የዱር አእዋፍ በቍጥር የሚበልጠው የለም ይባላል። የሰው ብዛት ስናይም «እንደ ግሪሳ» የምንለው በከንቱ አይደለም። ግሪሳ የሚወደው የሣር ፍሬ ነው፤ ሣሩ ሲያልቅበት ወደ ማሽላ ይዞራል። ቆላው ሁሉ ደርቆ ሳለ በኦሞ ዳር ብቻ እሸት ሲታይ፣ መንጋው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

መከላከያው ማማ፣ ወንጭፍና ጩኸት ነው። በማሳው መካከል ከእንጨት ከፍ ያለ ማማ ይሠራል፤ ልጆችና ሴቶች ጎሕ ሲቀድ ይወጡበታል፣ ፀሓይ እስክትጠልቅም አይወርዱም። ፍሬው ወተት ከሚቋጥርበት ቀን ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ማረፍ የለም። ማማው ላይ ያለው ጠባቂ ዝንጀሮውንና ከርከሮውንም በዚያው ያባርራል። በሌሎች የአገራችን ቆላዎችም ገበሬው ለወፍ የሚጣፍጠውን ነጭ ማሽላ ብቻውን አይዘራም፤ ወፍ የሚጠላውን መራራውን ቀይ ማሽላ፣ ወይም ራሱ ወደ ታች ስለ ተቈለመመ ለወፍ መቆሚያ የማይመቸውን ይቀላቅልበታል። ጣዕሙ ለሰውም ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ በተለይም መምህር የሆነ አንባቢ፣ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። የግሪሳ ጉዳት የሚለካው በበላው እህል ብቻ አይደለም። ማማ ላይ የቆመ ልጅ በትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጥ አይችልም። የታኅሣሥ እሸት የሚጠበቀው ትምህርት በሚሰጥበት ወር ነው። ገበሬው ወፍን ከጠላቶቹ ሁሉ በላይ ሲያስቀምጥ፣ ጥፋቱን ብቻ ሳይሆን ጥበቃው የሚወስድበትንም የሰው ጕልበት ጭምር ቈጥሮ ነው። ይህንንም ሒሳብ ከእኛ ከጸሓፊዎች ይልቅ እርሱ አሳምሮ ያውቀዋል።

ነቀዝን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ በዓምድ ላይ ከፍ ተደርጎ በተሠራ ጎተራ ውስጥ እንኳ ገብቶ ይበላል፣ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለ ሆነ ሰው ከእርሱ ጋር መኖርን ለምዶአል።

አንበጣ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን፣ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ሲፈጅ፣ አንበጣ፣ ተምችና አይጥ ተከትለው የተረፈውን ጨርሰዋል። (ያ የከብት በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታውጆአል፤ ከታሪክ ጠላቶቻችን እንዲህ ያለ ፍጻሜ ያገኘ ሌላ ብዙ የለም።) በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል አጥፍቶአል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለዓመት የሚመግብ ነበር። የምሥራቅ አፍሪቃ የበረሓ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በ1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ውል ሲቋቋም፣ ያ ጥፋት ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም ነበር። የድርጅቱ አውሮፕላኖች ኋላ ግሪሳንም በማደሪያው ላይ መርዝ ይረጩበት ጀመር፤ መርዙ ግን ግሪሳን ከሌላው ወፍ አይለይም። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ ከኬንያ ተሻግሮ ደቡብ ኦሞ ሲገባ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል እንደሚበላ ይነገር ነበር። ሆኖም ገበሬው አንበጣን ከወፍ በታች ቢያስቀምጠው አይፈረድበትም፤ አንበጣ ምናልባት በዕድሜው ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሲመጣም በወንጭፍ አይመለስም። ወፍ ግን ዘወትር አለ።

የዱስን የተባይ ተራ የለወጠው ከወንዙ ራስ የመጣ ነገር ነው። የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። መብራቱ ለአገር የሚሰጠውን ጥቅም አንክድም። ነገር ግን በዱስ በኩል የየዓመቱ ሙላት ቀረ፤ ከሙላቱ ጋርም ደለሉ። ካራዎች እንግዲህ ወደ ዝናብ እርሻና አንዳንዱም በሞተር ውሃ ስቦ ወደሚያጠጣው ማሳ ዞሩ። የዝናቡ እርሻ ደግሞ የተምች አገር ነው፤ ትሉም በአገዳው ውስጥ የሚከርምበትን ሰላም አገኘ፣ የሚያሰጥመው የለምና።

በዚያው በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተገኘ። ወደ አፍሪቃ ከገባ ገና አንድ ዓመት ያህሉ ነበር። ይህ ትል ከሁሉ አስቀድሞ የሚወደው በቆሎን ነው፤ ከቅጠሉ ጥቅልል ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ ከላይ የተረጨ መርዝ በቀላሉ አያገኘውም። ጠዋት ማሳ ገብቶ እያንዳንዱን በጣት መልቀምና መጨፍለቅ ብዙ ገበሬ የያዘው ዘዴ ነው። ወፍ የሚጠብቁት ልጆች ዐይን ወደ ሰማይ ነበር፤ ተምች የሚለቅም ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ቅጠል ይገልጣል።

ግሪሳም አልቀረም። ማሽላ በተዘራበት ማሳ ሁሉ፣ አዝመራው ወሩን ቢለውጥም፣ ማማው አሁንም ይቆማል።