ከቅመም ተራ እስከ ዛንዚባር

መርካቶ ቅመም ተራ የገባ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ የት እንደቆመ አፍንጫው ይነግረዋል። ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ በአገራችን አፈር የሚበቅሉ ናቸው። በመካከላቸው ግን ባሕር አቋርጦ የመጣ እንግዳ አለ፤ ቅርንፉድ። ከሻይ ጋር እናፈላዋለን፤ ጥርስ ሲያመን እንነክሰዋለን። ከእኛ ጋር ብዙ ከመክረሙ የተነሳ እንግድነቱን ረስተነዋል። ስሙ ግን አልረሳም። ዐረቡ «ቀረንፉል»፣ ስዋሂሊው «ካራፉ»፣ እኛ «ቅርንፉድ» እንለዋለን።

ዛሬ ገንዘብ የቋጠረ የከተማ ሰው፣ ሙሽራም ይሁን ነጋዴ፣ «እስቲ አንድ ሳምንት ደሴት ላይ እንረፍ» ሲል ከሚታሰቡት ቦታዎች አንዷ የቅርንፉድ ደሴት የሆነችው ዛንዚባር ናት። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ጉዞውን የሚያቅደው ሰው ስለ ሆቴሉና ስለ አሸዋው ይጠይቃል። ደሴቲቱ የእኛን ሰዎች ከዚህ በፊት ታውቃቸው እንደሆነ ግን ብዙም አይጠይቅም። ታውቃቸዋለች።

የቅርንፉድ ጥንተ አገሩ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የሚገኙት የሞሉካ ደሴቶች ናቸው። ሆላንዶች ለብቻቸው ይዘውት የኖሩትን ይህን ተክል ፈረንሳዮች በ1770 ገደማ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በድብቅ አውጥተው ወደ ሞሪሺየስ አሻገሩት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዛንዚባር ደረሰ። የኦማኑ ገዢ ሰይድ ሰዒድ መቀመጫውን ከመስካት ወደ ዛንዚባር አዛወረና ደሴቲቱን በቅርንፉድ አለበሳት። የሚተክለውና የሚለቅመው ግን ከዛሬዎቹ ታንዛኒያ፣ ማላዊና ሞዛምቢክ በባርነት የተጋዘው ሕዝብ ነበር።

የሐበሾች መንገድ ሌላ ነው። ከኦሮሞ፣ ከጉራጌ፣ ከከፋና ከሲዳማ ምድር የተፈነገሉ ልጃገረዶች በምጽዋ፣ በታጁራ፣ በዘይላና በበርበራ በኩል ወደ ዐረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዛንዚባር ደረሱ፤ የደረሱትም ለእርሻ ሳይሆን ለባለጸጎች ቤትና ለቤተ መንግሥት ዕቁባትነት ነው። ባሕር ማዶ ሲደርሱ የትውልድ መንደራቸው ቀርቶ ሁሉም «ሐበሻ» ተባሉ። የሸጣቸውም ባዕድ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ወደቡ የነዳው እጅ የአገራችን ሰው እጅም ነበረበት።

በእስልምና ሕግ ዕቁባት ለጌታዋ የወለደችለት ልጅ ነፃ ነው፤ ከእመቤቲቱ ልጅ እኩልም ይወርሳል። ስለዚህ ከሰይድ ሰዒድ ልጆች አንዱ፣ እናቱ ሐበሻዊት የነበረችው ባርጋሽ፣ በ1870 ሡልጣን ለመሆን በቃ። ሦስት ዓመት ቆይቶ እንግሊዞች የባሪያ ንግዱን በባሕር እንዲያቆም ጠየቁት። ባርጋሽ አመነታ። የደሴቲቱ ሀብት የቆመው በዚያ ንግድ ላይ ነውና። የጦር መርከቦቻቸው ወደቡን እንደሚዘጉ ባስታወቁት ጊዜ ግን ሰኔ 5 ቀን 1873 ፈረመ፤ ገበያውም ተዘጋ። ተሽጣ የመጣች ሴት ልጅ ገበያውን ለመዝጋት እንኳ በግድ መፈረሙ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚከብደው ነው። መዝጋቱም ባርነትን አላስቀረም። የዛንዚባር ሕግ ለባርነት ዕውቅና የነሳው በ1897 ነው፤ የእኛው አገር አዋጅ ደግሞ በ1942 ወጣ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሳምንቱን ሲያቅዱ ይህን ከሻንጣው ጋር ይያዙ። ጊዜውን ከመረጡ የእኛ ክረምት ለዛንዚባር በጋ ነው። ከባዱ ዝናብ እዚያ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አይርሱ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ስለሆነ ከባሕሩ ዳር ወጥተው ከተማ ሲገቡ አለባበስዎን ያስተካክሉ። በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ርቆ ይሸሻል፤ ዋና ያሰበ ሰው ሰዓቱን ይጠይቅ።

ከሰባቱ ቀን አምስቱ ለአሸዋው ይሁን። አንዱን ለቅርንፉድ እርሻው ይስጡ፤ ቅርንፉድ ሳይፈካ ተቀጥፎ ፀሐይ ላይ የሚደርቅ እንቡጥ መሆኑን በዓይንዎ ያያሉ። አንዱን ደግሞ ለአሮጌው የድንጋይ ከተማ። በባሪያው ገበያ ላይ የተሠራው የአንግሊካን ካቴድራል እዚያ ነው፤ በግቢው ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ ምስሎች ቆመዋል። ባርጋሽ በ1883 ያሠራው፣ በ2020 ከፊሉ የተደረመሰው «የድንቅ ነገር ቤት»ም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ወደዚያች ደሴት በገዛ ፈቃድ፣ ትኬት ቆርጦ፣ የመመለሻውን ቀን አውቆ መሄድ ትልቅ ነገር ነው። ከእኛ ምድር ቀድመው የሄዱት ሴቶች ይህ አልነበራቸውም፤ የአብዛኞቹ ስም እንኳ አልተጻፈም።