ነጠላውን የሸመነው ማን ነበር?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገር ቤት ስሄድ እህቴ ሴት ልጅ ተገላግላ ደረስሁ። ሰማንያኛው ቀን ሲቃረብ እናቴ ከሣጥኗ አንድ አሮጌ ነጠላ አወጣች፤ ፈትሉን የፈተለችው አያቴ ነበረች። «ገበያው የተሰፋ ቀሚስ ሞልቶት ሳለ ምን አደከመሽ?» ብላት፣ «የገበያው የልጅ ገላ ይኮሰኩሳል፤ ይኼ እኮ ታጥቦ ታጥቦ ልስልስ ብሏል» አለችና መቀሷን አነሣች።

ነጠላውን አጥፋ አንገቱን ቀደደች። የሕፃኗ አንገት ገና አልጠናምና ጀርባውን ክፍት ትታ በጥብጣብ የሚታሰር አደረገችው። ስፌቱ ገላዋን እንዳይነካ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቀለበሰችው። ጥለቱን ግን አልቆረጠችውም፤ የቀሚሱ ግርጌ እንዲሆን አስቀረችው። እኔም የታሪክ ተማሪ ነኝና ጥያቄ አላጣም፤ «ለመሆኑ ይህን የሸመነው ማነው?» አልኋት። መርፌዋን ሳታቆም፣ «ሸማኔ ነዋ! ስሙን ደግሞ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ መልስ ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት እንደ ገቡ ተጽፏል፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተቀመጠው የወላድ የመንጻት ቀንም ይኸው ነው። ሕፃኑ ራቁቱን ወደ ውኃው ይገባል፤ ሜሮን ይቀባል፤ ከዚያ ነጭ ይለብሳል፤ ማዕተብ ይታሰርለታል፤ የክርስትና ስም ይወጣለታል። እንግዲህ ነጩ ልብስ የስም ቀን ልብስ ነው ማለት ነው።

ልብሱስ የማን እጅ ሥራ ነው? ጥጥ በአካባቢያችን የቆየ ነገር ነው፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ያስቀረጸው ጽሑፍ የኖባን የእህልና የጥጥ ክምችት እንዳጠፋ ይናገራል። ጥጡ ልብስ እስኪሆን ግን መንገዱ ረጅም ነው። ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ይባዘታል፤ አመልማሎ ይሆናል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ልቃቂት ሆኖ ይጠቀለላል። ፈትሉ የሴት ሥራ ነው፤ ያውም ወፍጮውና ምጣዱ ካለቀ በኋላ፣ በማታ የሚሠራ። እናቴ ስትነግረኝ አያቴ ለዚያ ነጠላ የፈተለችው ሌሊት ሌሊት ነበር።

ፈትሉ ካለቀ በኋላ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። በጎንደር አካባቢ በሽመና የታወቁት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ ደግሞ ዶርዜዎች ከጋሞ ደጋ ሙያቸውን ይዘው መጡ፤ በዶርዜ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ስለዚህ የስንቱ ክርስቲያን ልጅ የክርስትና ልብስ በእስላም ወይም በቤተ እስራኤል እጅ ተሸምኗል! ያው ሸማኔ ግን «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ነገሩ የቱን ያህል እንደ ከፋ ለማወቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን ማስታወስ ይበቃል። ልብሱ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ የሠራው ይናቃል። ይህን ምን እንበለው?

አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ ወደ ሌላው ጫፍ እንሮጣለን፤ የአገር ልብስ ንጹሕ ነበር፣ ያበላሸው የውጭ ጨርቅ ነው እንላለን። ይህም ልክ አይደለም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ የግብፅና የህንድ ጨርቅ ይራገፍ እንደ ነበር ይዘረዝራል። ኋላም የአሜሪካው አቡጀዲ መጣ፤ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ እ.ኤ.አ. የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ያዘ። ድሃ እናት በአቡጀዲ ልጇን ክርስትና ብታስነሣ ምን ነውር አለው? አያቴን ሌሊት እንዝርት ያሾራት ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ችግርም ነው። ስለዚህ ወደ እንዝርት እንመለስ አልልም።

የምለው ሌላ ነው። ዜና መዋዕሎቻችን ንጉሡ ለማን ካባ እንደ ሸለመ ይነግሩናል፤ ካባውን ማን እንደ ሠራው ግን አይነግሩንም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል እንውላለን፤ ድሩን ማን ፈተለው ብለን ግን አንጠይቅም። ከዜና መዋዕል ጸሐፊው በምን ተሻልን?

በሰማንያኛው ቀን ሕፃኗ ቀሚሱን ለበሰች። እጅጌው ረዝሞባት የክርስትና እናቷ ሁለት ጊዜ ጠቀለለችላት። ስሟ ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ። ማታ እናቴ ቀሚሱን አጥፋ ወደ ሣጥኑ ስትመልሰው አንድ ወረቀት አብሬ አስቀመጥሁ። የአያቴን ስም፣ የእናቴን ስምና የዓመቱን ምሕረት ጻፍሁበት። ከሥሩም፣ «ሸማኔው፦ ስሙ አልተጠየቀም» አልሁ። እናቴ አንብቢልኝ ብላ ለእህቴ ሰጠቻት፤ ከሰማችም በኋላ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እውነትህን ነው፤ ሰውዬው እኮ ቤታችን ቡና ጠጥቷል» አለች።

እናንተም ለዕረፍት ስትሄዱ በየቤታችሁ ሣጥን አለ። የሚያስታውሱት ሳያልፉ ጠይቁ።