መተንፈስ ስለሚባለው ቃል

የሰው ልጅ ነፍስንና ነፋስን በቃል አለማራራቁ ዘወትር ያስደንቀኛል። በእኛ ዘንድ ነፍስ፥ ነፋስ፥ ተነፈሰ የሚሉት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ከእኛ እጅግ በራቀው በስዊድን አገርም መንፈስን «አንደ»፥ መተንፈስን «አንዳስ» ይሉታል። በ1541 እ.ኤ.አ. በታተመው የስዊድን መጽሐፍ ቅዱስ መንፈስ ቅዱስ የተጠራው በዚሁ «አንደ» በሚለው ቃል ነው።

በግሡ መጨረሻ ያለችው «ስ» በጥንት ዘመን «ራስን» ይባል የነበረው ቃል ቅሪት ናት። ዛሬ ብዙውን ግሥ ተደራጊ ታደርጋለች፤ አንዳስ ግን መልኩ የተደራጊ ሲሆን ትርጓሜው የአድራጊ ነው። የእኛም ተነፈሰ በ«ተ» ተነሥቶ እንዲሁ ነው። በሁለቱም ዘንድ የሚተነፍሰው ሰው አድራጊም ተቀባይም ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ይህ ነው፤ ይኸውም በአይስላንድ አገር የዚሁ ግሥ ወንድም የሆነው «አንዳስት» መተንፈስ ማለት ሳይሆን መሞት ማለት ነው። በአንዱ አገር የሚኖሩበት ቃል በሌላው የሚሞቱበት ሆነ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የመጨረሻይቱ ትንፋሽ ከሌሎቹ የምትለይበት ምልክት የላትም። ስለዚህ ዕርቅን ለነገ የሚያሳድር ሰው ገና ባልተሰጠው ትንፋሽ ይበደራል።