ምርጫና ሙስና፤ ከቀበሌ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ሙስና ሕዝብ ሹሞቹን በማይመርጥበት ሥርዓት ብቻ የሚበቅል ይመስለናል። የአዲስ አበባ የቀበሌ ታሪክ ግን በሕዝብ የተመረጠ አካልም ቁጥጥር ሲጎድለው ለምዝበራ በር እንደሚከፍት ያስረዳል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ነዋሪው በየቀበሌው በማኅበር ተደራጅቶ መሪዎቹን እንዲመርጥ ደነገገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከብር 100 ያልበለጠ ቤቶች በቀበሌ ሥር ዋሉ። የቦታና የቤት ክርክር የሚሰማው ፍርድ ሸንጎም ከዚያው ማኅበር የሚመረጥ ነበር። በ1969 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 የማኅበራቱን ሥልጣን ይበልጥ አሰፋው። ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ በሚባለው ክፍለ ከተማ ነባር መንደሮች ይኖር የነበረው ተከራይም ቤቱን፣ መታወቂያውንና የኅብረት ሱቅ ራሽኑን የሚጠብቀው ከቀበሌው ሆነ።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ይገኛል። ቤት የሚያድለው፣ ኪራይ የሚሰበስበውና አቤቱታ የሚሰማው አካል አንድ ሲሆን፣ የተበደለ ነዋሪ ቤቱን እንዳያጣ ዝምታን ይመርጣል፤ ድምፁም የደጅ መጥኛ ይሆናል። በ1966 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሥልጣናትን በደል የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን መቋቋሙ ሕዝቡ በሙስና ምን ያህል እንደተማረረ ያሳያል። ይሁን እንጂ ሹሙ ተለወጠ እንጂ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አስተሳሰብ አልተለወጠም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት አይደለም። በኒውዮርክ ከተማ የዊልያም ትዊድ ቡድን ለመራጩ ሥራና እርዳታ እያደለ፣ ድምፅ እየሰበሰበ፣ የከተማውን ገንዘብ ዘረፈ። መራጩ ቡድኑን የቀጣው የሒሳቡ መዝገብ በ1871 እ.ኤ.አ. በጋዜጣ ከታተመ በኋላ ነው።

በአገራችንም በ1993 ዓ.ም. የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በክፍለ ከተሞች ተዋቀረች። ያም ሆኖ በ2013 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ይፋ ባደረገው ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩ የቀበሌ ቤቶች በሕገ ወጥ መንገድ ተይዘው መገኘታቸው ተገልጿል። የመዋቅር ለውጥ ብቻውን የመዝገብን ግልጽነት አይተካም።

ስለዚህ ስለ ምርጫ የሚያስተምር መምህር ድምፅ አሰጣጥን አስረድቶ ሊያበቃ አይገባም። ተማሪው ሒሳቡን ማን ይመረምራል? መዝገቡን ማን ያያል? የተበደለ ሰው ከበዳዩ ሌላ ለማን አቤት ይላል? ብሎ መጠየቅን ይማር። የአስተዳደር ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያም እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አስቀድሞ ይመልስ።