የሙቀት መልእክት፦ ከዜቤክ ቀለበት እስከ ቺፕ

ላብ ውስጥ የጋለ ትራንዚስተር ነክቶ ጣቱን ያላቃጠለ ከመካከላችን ይኖር ይሆን? ለእኛ ሙቀት ብክነት ነበር፤ በፋን የሚባረር ጠላት። ይኸው ጠላት ግን ሽቦ እንዳይሻገር በተከለከለበት ቦታ መልእክት ማድረስ ይችላል።

ነገሩ የሚጀምረው በርሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ዜቤክ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን እንደ ቀለበት አገጣጥሞ አንዱን መጋጠሚያ ቢያሞቀው፣ አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዞረ። እሱ ጉዳዩን የማግኔት አድርጎ ወሰደው። ለካ በቀለበቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈስ ኖሯል።

በ1958 ጃክ ኪልቢ የመጀመሪያውን የተቀናጀ ሰርኪዩት ሠራ። ሁሉም ነገር በአንድ ቁራሽ ላይ ሲሰፍር አዲስ ጣጣ መጣ፦ ከአምፕሊፋየሩ መውጫ የሚነሳው ሙቀት መግቢያውን ይረብሽ ጀመር። በ1971 ፖል ግሬይና ሃሚልተን ባሳተሙት ጥናት ግን ሙቀቱ ራሱ እንደ ሲግናል የሚያገለግልባቸውን ሰርኪዩቶች በስሌት አሳዩ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በበሽተኛ ደረት ላይ የተለጠፈ የልብ መከታተያ ኤሌክትሮድ አስቡ። የልቡ ሲግናል ወደ ማሽኑ መድረስ አለበት፤ የግድግዳው 220 ቮልት ግን በምንም መንገድ ወደ ሰውየው መመለስ የለበትም። ትራንስፎርመር ይህን በማግኔት፣ ኦፕቶካፕለር ደግሞ በብርሃን ይወጡታል። በሙቀት ሲሆን፣ ከወዲህ ትንሽ ሬዚስተር ይሞቃል፤ ከወዲያ የቴርሞካፕሎች ድርድር ሙቀቱን መልሶ ቮልቴጅ ያደርገዋል። በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ የሲሊከን ኦክሳይድ አለ። የዜቤክ ቀለበት ማለት ነው፣ በማይክሮሜትር የሚለካ።

ዋጋ የለውም እንዴ? አለው እንጂ። ሙቀት ቀርፋፋ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ግድግዳውን ብናወፍረው ሰውየው ይበልጥ ይጠበቃል፣ መልእክቱ ግን ይዘገያል። ፈጣን ዳታ የሚያሻግሩ ቺፖች ብርሃንን፣ ማግኔትን ወይም ካፓሲተርን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ መዘግየቱም ሥራ አግኝቷል። ናይጄሪያ፣ ኦባፌሚ አዎሎዎ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ኮፊ ማኪንዋ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኔዘርላንድስ ዴልፍት፣ ሙቀት በሲሊከን ውስጥ ለመጓዝ የሚፈጅበትን ጊዜ እየለኩ የቴምፕሬቸር ሴንሰሮች ሠርተዋል።

እናም መምህራን ሆይ፣ ተማሪ «ሰርኪዩቴ ጋለብኝ» ብሎ ሲመጣ ፋን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ ሙቀቱ ወዴት እየሄደ ነው?