አሮጌ መጽሐፍ ለቁራሌው ከመሰጠቱ በፊት፦ የቀድሞ ልብ ወለዶችን መለየት፣ መሰብሰብና መጠበቅ

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ሽሮ ሜዳ በአገር ባህል ልብስ ገበያዋ ትታወቃለች። ጥለቱን አማርጦ፣ ድሩንና ማጉን ዳስሶ፣ የሸማኔውን ሥራ ከፋብሪካው ለይቶ የሚገዛ ሸማች እዚያ ብርቅ አይደለም። ለልብስ ያለን ይህ አስተዋይ ዓይን ግን ለአሮጌ መጽሐፍ ሲሆን ይደክማል። ቤት ሲፈርስ፣ ቤተሰብ ሲለቅ ወይም ባለቤቱ ሲያርፉ በሣጥን ተከማችቶ የኖረው መጽሐፍ ለቁራሌው ይሰጣል፤ አለዚያም ገጹ እየተገነጠለ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። በገጠርም ምድጃ ማቀጣጠያ ሆኖ የሚቀር አለ።

ይህ ጽሑፍ የቀድሞ የአማርኛ ልብ ወለድ መጻሕፍት ለምን ተፈላጊ እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚለዩና እንደሚጠበቁ፣ ሕጉም ምን እንደሚል ያስረዳል።

ርካሹ እንዴት ውድ ሆነ?

የመጽሐፍ ዋጋ በዕድሜው ብቻ አይወሰንም። ስንት ቅጂ ታተመ? ስንቱ ተረፈ? ዛሬስ ፈላጊው ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች አንድ ላይ ይወስኑታል። ለዚህ ከውጭው ዓለም ግልጽ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። በ1966 ዓ.ም. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘ የጠረጴዛ ጨዋታ መመሪያ አወጡ። ጨዋታው እንደ ገበታ ጠጠርና ጉድጓድ አይሻም። አንዱ ተጫዋች ተረት ነጋሪ ሆኖ ዘንዶና አስማተኛ የሚኖሩበትን ዓለም ይተርካል፤ የቀሩት ጦረኛ ወይም ጠቢብ ሆነው ወደ ታሪኩ ይገባሉ፤ የሚገጥማቸውንም ዳይስ እየጣሉ ያውቃሉ።

መጀመሪያ የታተመው 1 ሺህ ብቻ ነበር። ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ሆነው በ10 ዶላር ይሸጡ ነበር። ወጣቶች ስለተጫወቱባቸው ብዙዎቹ ተቀዳደዱ፤ ሣጥኖቹም ተጣሉ። ሳይጎዳ የተረፈው ጥቂት በመሆኑ ዛሬ ሰብሳቢዎች አንዱን በብዙ ሺህ ዶላር ይገዙታል። በወቅቱ ተራ የነበረው ዕቃ ዋጋ ያገኘው ሌላው ሲጥል ያስቀመጡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ገበሬ ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ ሁሉም ሰው አንድን የአገር ዘር በልቶ በጨረሰበት ዓመት፣ ጥቂት ቁና አትርፎ ያቆየው ሰው ጎተራ ይፈለጋል።

የእኛ ቀደምት ልብ ወለዶች

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የተጻፈው ጣና ዳር፣ ዘጌ በተወለዱት በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ታተመ፤ ኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም ታወቀ። ጦርነት፣ ምርኮና የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ ልጃገረድ ያሉበት የጀብዱ ታሪክ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ን በ1915 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዓለም»ን በ1925 ዓ.ም. አሳትመዋል። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አውጥተው ነበር። ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤትም ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው። የእነዚህ ዘመናት እትሞች ብርቅ የሆኑበት ምክንያት የአንባቢው ማነስ ብቻ አይደለም። የፋሺስት ወራሪ ጦር በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ሲያቃጥል በየቤቱ የነበረው መጽሐፍም አብሮ ነድዷል።

ከነጻነት በኋላ የታተሙትም ተፈላጊዎች አሏቸው። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሁሉ ደረሰ። መጽሐፉ ደጋግሞ ስለታተመ በየቤቱ ይገኛል፤ ሰብሳቢ የሚያሳድደው ግን የ1958ቱን እትም ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ታግዶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. የገባበት ሳይታወቅ ቀረ። መጽሐፉ ዳግም የታተመው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። ስለዚህ የ1975ቱ ቅጂ በእጁ ያለ ሰው፣ አንድ ሰው በፍርሃት ዘመን ደፍሮ የደበቀውን መጽሐፍ ይዟል ማለት ነው።

እትምን መለየት

መጀመሪያ የርእሱን ገጽና ጀርባውን ይመልከቱ። የማተሚያ ቤቱ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና የእትሙ ቁጥር የሚገኙት እዚያ ነው። በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በብዙዎቹ ላይ ይጠቀሳል። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ከተጻፈ አንብቦ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ፲፱፻፶፰ ማለት 1958 ነው። በውጭ አገር የታተመ ከሆነ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነቱን ያስቡ።

«ሁለተኛ እትም» የሚል ቃል ካለ የመጀመሪያው አይደለም። ቃሉ አለመኖሩ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ወረቀቱን፣ የፊደሉን ቅርጽና የሽፋኑን ዋጋ ከሌላ ቅጂ ጋር ማስተያየት ይገባል። በፎቶ ኮፒ ተባዝተው የተጠረዙም ስላሉ የፊደሉ ጠርዝ ደብዝዞ እንደሆነ ልብ ይበሉ። ገጾቹ መሟላታቸውን አንድ በአንድ ይቁጠሩ። በመጽሐፉ ላይ ያለውን የባለቤት ፊርማ፣ ማኅተምና የስጦታ ቃል አይፋቁ፤ መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለፈ የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው።

የመጽሐፍ ጠላቶች

ወረቀት የተክል ውጤት ነው። ስለዚህ እህል የሚያጠፋው ሁሉ መጽሐፍንም ያጠፋል፦ ምስጥ፣ ብል፣ አይጥ፣ እርጥበትና ሻጋታ። በክረምት የጭቃ ግድግዳና የአፈር ወለል እርጥበት ስለሚይዙ መጽሐፍ ከወለሉ ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ርቆ ይቀመጥ። ከምድጃ ጢስና ከቀጥታ ፀሐይ ይራቅ፤ ፀሐይ ወረቀቱን ታገረጣዋለች፤ እንዲሰባበርም ታደርገዋለች። የረጠበ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ገጾቹ ተከፍተው ይቁም። የሻገተውን ከሌሎቹ ለይተው፣ ሲደርቅ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት።

የፕላስቲክ ከረጢት እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ አይመከርም። ታጥቦ የደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል። የተቀደደን ገጽ በፕላስተር መለጠፍም ጉዳት ነው፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያበላሸዋል።

ከሁሉም በላይ ለነቀዝ መከላከያ የሚያገለግሉ የእህል ኬሚካሎችን በመጽሐፍ ሣጥን ውስጥ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ዱቄቱ በአንባቢው እጅ ወደ አፍ ይገባል። እንክብሉ የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። የትኛውም መጽሐፍ ይህን ያህል ዋጋ የለውም።

የብራና መጽሐፍ ሲገኝ

የታተመ ልብ ወለድ መግዛትና መሸጥ የተለመደ ንግድ ነው። የብራና መጽሐፍ ግን ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የያዘ ሰው ማስመዝገብ ይጠበቅበታል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም የተከለከለ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ብራና የሚገዛ ሰው ከቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ ንዋይ ተቀባይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በአቅራቢያ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል።

የት ይፈለጋል? ለማንስ ይሰጣል?

በአዲስ አበባ አሮጌ መጻሕፍት ከሚፈለጉባቸው ስፍራዎች መካከል የብሔራዊ ቴአትር አካባቢና መርካቶ ይገኙበታል። ያገኙትን መጽሐፍ ምንነት ለማስተያየት በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስድስት ኪሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

መሰብሰብ የማይፈልግ ቤተሰብም ቢሆን መጽሐፉን ከመጣሉ በፊት ሦስት ነገር ቢያደርግ ይበጃል፦ ርእሱንና ዓመቱን መመዝገብ፣ የርእሱን ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት። ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። መጠቅለያ ወረቀት በየሱቁ ይገኛል፤ ያለቀ እትም ግን ተመልሶ አይመጣም።